ለስልክ ቤት የተላኩት ሽማግሌዎች

"እማዬ... ልምድ የሚባለው ነገር ከየት ነው የሚገኘው?"

የውብዳር ይህን የጠየቀችው አሰላ ስልክ ቤት በር ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ አንብባ ቤቷ እንደ ገባች ነው።

ዘመኑ 1954 ዓ.ም. ነው።

ስልክ ቤቱ መስመር የምታገናኝ አንዲት ስልከኛ ይፈልጋል... ስምንተኛ ክፍል የጨረሰች፣ ጽሕፈቷ ያማረ፣ የሥራ ልምድ ያላት።

"ሳልቀጠር ልምድ ከየት አመጣለሁ? ልምድ ከሌለኝስ ማን ይቀጥረኛል?"

እናቷ ወይዘሮ አሰፋች እንዝርታቸውን አስቀምጠው ቀና አሉ።

ከመንዝ ወደ አርሲ ያመጧቸው ጸሐፊ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ቤቱ የቆመው በጓሮ ጎመንና በፈትል ነው።

አቦምሳ ያለው አጎቷ ሣህሌ ደግሞ ቁርጡን ተናግሯል... እስከ መስቀል ሥራ ካላገኘች ወደ ሱቁ ይወስዳታል።

ያ ሁሉ ትምህርት ጨው ስትመዝን ሊቀር ነው።

ወይዘሮ አሰፋች ኪዳን አድርሰው ሲመለሱ አንድ ነገር ታሰባቸው። ከባድ ነገር ሲጠየቅ እሳቸው የሚያውቁት ደንብ አንድ ነው... ሽማግሌ መላክ።

ለልጃቸው ሳይነግሩ የሰፈሩን ሽማግሌዎች ጋሽ ገብረ መድህንንና አቶ ሁሴኖን ላኩ።

ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን አስተካክለው ስልክ ቤት ገቡ። ኃላፊው አቶ ደመቀ "ተቀመጡ" ቢላቸው፣ እሺታህን ሳንሰማ አንቀመጥም አሉ።

ሰውየው ግራ ገባው።

"አባቶቼ፣ ያለችኝ ሴት ልጅ ገና ጡት አልጣለችም..."

"የመጣነው ለልጅህ አይደለም" አሉ ጋሽ ገብረ መድህን ኮስተር ብለው። "ለስልኩ ነው።"

አቶ ደመቀ ለየውብዳር ሥራ ሊጠይቁ መምጣታቸው ሲገባው ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ ስልክ በአማላጅ እንደማይያዝ፣ ልጅቷ ግን ከሌሎቹ ጋር መፈተን እንደምትችል ነግሮ በክብር ሸኛቸው።

ወሬው ገበያ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ወይዘሮ አሰፋች "ስልክ ያጩት ሴትዮ" ተባሉ።

የውብዳር አለቀሰች። እንዲህ ተዋርጄማ ለፈተና አልሄድም አለች።

እናቷ አልተቆጡም።

"ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ የሚሳቀውም በእኔ ነው። አንቺ ሄደሽ የምትችዪውን ሥሪ። የቀረውን እሱ ያውቃል።"

ሄደች...

ተፈታኞቹ ሦስት ሴቶች ናቸው። የሚገቡት ተራ በተራ ነው።

የውብዳር ስትገባ አንድ ጋቢ የለበሰ ገበሬ ዱላውን ይዞ ተቀምጧል። ዲሪባ እባላለሁ፣ ከጮሌ ነው የመጣሁት አላት በኦሮምኛ። አማርኛ አልችልም፤ አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ደግሞ እዚያው አድጎ ኦሮምኛ ረስቷል፤ ተጣልተናል፤ እኔ ግን ቂሜን ትቻለሁ፣ ለልጄ ሠርግ ይምጣ በዪልኝ አለ።

ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ቃሉን በአማርኛ አደረሰች።

ከወዲያ የመጣው ድምፅ ደረቅ ነው።

"አልመጣም። መሬቴን ሳይመልስልኝ ደጁን አልረግጥም በዪው።"

ገበሬው አፍ አፏን ያያል...

የውብዳር ማዳመጫውን እንደያዘች ወደ ገበሬው ዞረች። ከዚያ የተባለውን አንድም ሳትቀንስ፣ አንድም ሳትጨምር፣ በለሰለሰ ድምፅ በኦሮምኛ ነገረችው። አያይዛም "ምን ብዬ ልመልስለት?" ብላ ጠየቀችው።

ገበሬው ተነሥቶ ጋቢውን አወለቀ...

ከሥሩ የለበሰው ካኪ ነው። ዲሪባ የስልክ እንጨት ላይ እየወጣ ሽቦ የሚጠግን የስልክ ቤቱ ሠራተኛ ነበር።

"ይቺ ትሁን" አለ ጥርት ባለ አማርኛ።

"ወንድምየው" ደግሞ ከጓዳው ወጣ... አቶ ደመቀ ራሱ።

የመጀመሪያዋ ተፈታኝ ሰውየው አሳዝኗት "ይመጣል ብሏል" ብላው ነበር። ሁለተኛዋ መናገሩ ቢከብዳት "መስመሩ አይሰማም" ብላ ዘጋችው።

"የት ነው የሠራሽው?" አላት አቶ ደመቀ።

"የትም።"

"ይህንንስ ማን አስተማረሽ?"

የውብዳር ተናገረች። ጎረቤታቸው ዙቤዳ አማርኛ አታውቅም፤ እናቷ ኦሮምኛ አያውቁም። ነፍስ ካወቀች ጀምሮ በሁለቱ መሃል ቃል የምታመላልሰው እሷ ናት። አንድ ጊዜ የዙቤዳ ፍየል ጎመናቸውን ስትበላ፣ የእናቷን ቁጣ አለስልሳ አደረሰችው። ዙቤዳም ነገሩ ቀላል መስሏት ፍየሏን ሳታስር ቀረች፤ ጎመኑ አለቀ፤ ጎረቤታሞቹም ተኳረፉ።

ያን ቀን እናቷ እንዲህ አሏት...

"የእኔን ቁጣ አንቺ አታብርጂው። መብረድ ካለበት እኔው አብርጄ እሰጥሻለሁ።"

አቶ ደመቀ ፈገግ አለ።

"ታዲያ ልምድ የለኝም ያልሽው ለምንድን ነው?"

ሥራው የእሷ ሆነ።

ወዳጆቼ... ልምድ ማለት ደመወዝ የተከፈለበት ሥራ ብቻ አይደለም።

ዛሬ ልጆቻችን ኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ ተምረው፣ "ዲግሪና የሥራ ልምድ" የሚል ማስታወቂያ ሲያዩ አንገታቸውን ይደፋሉ። ትምህርቱስ ግድ ነው፤ የውብዳርም ስምንተኛን ባትጨርስ በሩን አታልፍም ነበር። ግን ለሰፈር ሱቅ የሠራችሁት ያ ትንሽ ፕሮግራም፣ ሲበላሽም ቁጭ ብላችሁ ያስተካከላችሁት... እሱም ይቆጠራል። ሰው ሳይንቀው እናንተ አትናቁት።

ከፈተናው በነጋታው ጠዋት የውብዳር ወደ ሥራዋ ሄደች።

ወይዘሮ አሰፋችም ነጠላቸውን ለብሰው ወደ ዙቤዳ አጥር ተሻገሩ። የሚያስተረጉምላቸው ሰው አብሯቸው የለም።

"አካም ቡልቴ... ዙቤዳ" አሉ እየተንተባተቡ። እንዴት አደርሽ ማለታቸው ነው። ከዚያ ወዲያ ኦሮምኛው ስላለቀባቸው በእጃቸው በሩን አመለከቱ።

ዙቤዳ እየሳቀች በሩን ከፈተችላቸው።

እናንተስ... "ልምድ የለኝም" ስትሉ ሳትቆጥሩት የቀራችሁት የትኛውን ሥራችሁን ነው? ኮሜንት ላይ ጻፉልን፣ አብረን እንቁጠረው።