መመለሻው

«የስኳር ከረጢት ተሸክመህ ነው የአባዬን እርምጃ የለካኸው?» ትላለች ትልቋ ልጅ። «ለመሆኑ ስኳሩ ኩላሊቱን ያመው ነበር?»

«ሽማግሌ ምን ያህል እንደሚፈጥን ለማወቅ ነዋ፣ እትዬ። ትራንስፖርት ቢሮ ያለን ሁላችንም ከረጢቱን ጀርባችን ላይ ጭነን ነው ከአውቶቡሱ እስከ ባቡሩ የሄድነው።»

ወንድሟ የከተማውን የትራንስፖርት ካርታ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቷል። ከደጃቸው ሆስፒታል በር ድረስ ያደርስ የነበረው አውቶቡስ ከዛሬ ጀምሮ ቀርቷል፤ አዲሱ የሚሄደው እስከ ባቡር ጣቢያው ብቻ ነው። የድሮውን መስመር ከካርታው የሰረዘው እሱ ራሱ ነው።

አባትየው ጫማቸውን እያሰሩ ያዳምጣሉ። ዛሬ የኩላሊት እጥበት ቀናቸው ነው። ከዘገዩ ተራቸው ለሌላ ይሰጣል። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይናቸው አልዞረም።

«አውቶቡሱ ቶሎ ቶሎ ይመጣል» ይላል ልጁ። «ባቡሩ ከመሬት በታች ቢሆንም ተንቀሳቃሽ ደረጃ አለ። ቆሞ ይወርዳል፣ ባቡሩ ይጠብቀዋል።»

«እንደ ሙሽራ?»

«እትዬ፣ ተይ እንጂ።»

«እሺ፣ ወረደ እንበል። መመለሻውስ?»

ልጁ ጣቱን ካርታው ላይ ጣቢያው ጋ ያሳርፋል። «ደረጃው አንድ ነው። ጠዋት ሰው ወደ ሥራ ስለሚጎርፍ ወደ ታች ይሠራል። ወደ ላይ የሚገለበጠው ማታ ነው።»

«አባዬ የሚመለሰው በቀትር ነው።»

«አውቃለሁ።»

«መቼ አወቅህ?»

አባትየው ማሰሪያቸው ላይ ያቀረቅራሉ። ከማሽኑ ሲነሱ ጉልበታቸው እንደ ራሰ ጨርቅ ነው፤ በድሮው አውቶቡስ እንኳ ሹፌሩ ክንዳቸውን ይዞ ነበር የሚያሳፍራቸው። ይህን ለልጆቻቸው አልነገሩም። ነርሶቹን ግን «ይህን ሁሉ መንገድ ያቀደው የእኔ ልጅ ነው» እያሉ አሰልችተዋቸዋል።

«ዛሬ እኔ ልውሰደው» ትላለች ልጅቷ። «አለቃዬ እንደሆነ አንድ ቀን ደግመሽ ብትቀሪ አባርርሻለሁ ብሎ ዝቶብኛል። ያባርረኝ።»

«እኔ እንዳልሄድ የአዲሱ መስመር ምረቃ ላይ መቆም አለብኝ።»

«ቁም። ማን ከለከለህ።»

«ቆይ፣ እዚህ መታጠፊያው ጋ መቀመጫ ቢደረግስ?» ይላል ልጁ ካርታውን እየነካ።

«ጣትህን አንሳ፣ አልታየኝም።»

አባትየው ካፖርታቸውን ያነሳሉ። ብቻቸውን ይወጡና የበሩን እጀታ ይዘው፣ እንዳይጮህ ቀስ አድርገው ይዘጉታል።

አዲሱ አውቶቡስ ወዲያው ይደርሳል። ባዶ ወንበር ሞልቷል፤ እሳቸው ግን በሩ አጠገብ ምሰሶውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ይቆማሉ። አውቶቡሱ በቤታቸው ፊት ሲያልፍ በቤቱ መስኮት ሁለት ራሶች ይታያሉ፤ ካርታው ላይ እንደተደፉ ናቸው።