ኳሷ እስክትወርድ

የመጀመሪያዋ ኳስ በአናቴ ላይ አልፋ አጥሩ ሥር ታርፋለች። አጨበጭባለሁ። ጎረቤቴ ሌላንድ ግን ከሜዳው ማዶ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ራሱን ይነቀንቃል።

"ለዚች ነው የምታጨበጭበው፣ ቨርን?"

"ራቀቻ።"

"ዝቅ ብላ ሄደች እንጂ። የኛ ሰዎች ሳይደርሱበት የሚቀበላት ሰው ቢያሻው ጫማውን አስሮ ይሮጣል።"

ሌላንድ የአሜሪካ ፉትቦል ለጊ ነው። ቡድኑ ሞላላዋን ኳስ ይዞ ወደፊት መግፋት ሲያቅተው ይገባና ለተቃራኒው ቡድን አርቆ ይለጋታል፤ ከዚያ ወጥቶ ይቀመጣል። ሌላው ኳስ ለመያዝ ሲጋደል፣ ኳስ እየሰጠ ደሞዝ የሚበላው አንተ ብቻ ነህ እያልኩ ስንት ዓመት ቀለድኩበት። ነሐሴ ላይ ቡድኑ በጎረምሳ ተክቶ ሲያሰናብተው ግን ቀልዱን ተውኩት።

ዛሬ ጠዋት ስልክ ተደወለ። የአንድ ቡድን ለጊ ጉልበቱን ተጎድቷል፤ ሌላንድ ነገ ሄዶ ከሁለት ወጣቶች ጋር ይፈተናል። ሠላሳ ስምንት ዓመት የሞላው እግር መሥራት አለመሥራቱን ሳያይ መሄድ ስላልፈለገ፣ ኳስ እንድቀበለው እዚህ ቤተክርስቲያኑ ጀርባ ጎትቶ አመጣኝ።

ሚስቱ ብሪታ እጆቿን ካፖርት ኪሷ ውስጥ ከታ አጠገቡ ቆማለች። ወንድሟ ትራክተር መሸጫው ውስጥ ሥራ ይዞለታል፤ እስከ ሰኞ ነው የሚጠብቀው። ቁርጡን አውቆ ይረፍ ብዬ ነው የመጣሁት ብላኛለች፣ መኪና ውስጥ።

ሁለተኛዋም ሦስተኛዋም ዝቅ ብለው ይመጣሉ።

ሌላንድ መለጋቱን ትቶ ኳሷን ከእጁ መሬት ላይ መጣል ይጀምራል። ሁሉም ነገር ያለው አጣጣሉ ላይ ነው ይላል፤ ጫፏ ትንሽ ካዘነበለ እግር ቢበረታም ዋጋ የለውም። በደንብ የተጣለች ኳስ ነጥራ ወደ ጣይዋ ትመለሳለች። የሱ ግን ወደ ጎን ትሸሻለች። ብሪታ ደጋግማ እያነሳች ታቀብለዋለች። በስንት ጊዜዋ አንዷ ደረቱ ላይ ትነጥራለች።

"አሁንስ ከፍ ብትል በምን አውቃለሁ?" ይላል ሌላንድ። "ኳሷ ሳትወርድ ተቀባዩ ጋ የሚደርስ ሯጭ ያስፈልጋል፤ ቨርን ደግሞ እንኳን ሊሮጥ መቆሙም ተመስገን ነው።"

ብሪታ እጆቿን ከኪሷ ታወጣለች።

"ለጋት።"

"በዚህ ቦት ጫማ ልትሮጪ?"

"ለጋት አልኩህ።"

የእግሩ ድምፅ እንደ ቅድሙ አይደለም፤ በር በኃይል የተዘጋ ይመስላል። ብሪታ ካፖርቷን ሰብስባ በደረቀው ሣር ላይ ወደ እኔ ትሮጣለች። እኔ ሽቅብ አያለሁ። ኮቴዋን እሰማለሁ፤ ቀጥሎ ትንፋሿን፤ ከዚያ መጥታ ትላተመኝና እንዳትወድቅ እጅጌዬን ትይዛለች።

"የት ወደቀች?" ትላለች ዙሪያዋን እያየች።

በአገጬ ወደ ላይ አሳያታለሁ። ኳሷ ከቤተክርስቲያኑ ጣሪያ በላይ፣ ግራጫው ሰማይ ላይ፣ ባቄላ አክላ ገና እየተሽከረከረች ነው። ብሪታ እጅጌዬን አልለቀቀችም።