የተረፈው ሽሮፕ

እትዬ ብርነሽ የሽሮፑን ጠርሙስ ነቅነቅ አድርገው ማንኪያ ሙሉ ቀዱ። ከልጅ ልጃቸው ሳል የተረፈ አንቲባዮቲክ ነበር፤ በዚያ የአብነት ሰፈር ግቢ ጎረቤት መድኃኒት እንደ ጨው ይዋዋስ ነበር። ሕፃኑ እናቱ ዙሃራ ጭን ላይ ሆኖ እያሳለ፣ ካልሲ የለበሱ እጆቹን ችፌ ባቆሰለው ጉንጩ ላይ ያሽ ነበር። እሷ ፊቱን እንዳያክ እነዚያን እጆች ይዛ ስላደረች ዓይኗ አልገለጥ ብሏታል።

"ስጪው እንጂ! ምን ሆንሽ ዛሬ?"

ዶክተሩ ትናንት ያላት ጆሮዋ ላይ ነበር። ሆድ ውስጥ ጥሩ ጀርሞችም አሉ፤ ቆዳው እንዲህ የተቆጣው በየጉንፋኑ የወሰደው አንቲባዮቲክ እነሱን ፈጅቶበት ሳይሆን አይቀርም፤ ሐኪም ሳያዝ እንዳትደግሚው። የቀደሙትን ጠርሙሶች ያመጡት እትዬ ነበሩ። ሥራ ስትውል ልጇን የሚይዙላትም እሳቸው ናቸው።

ማንኪያውን ተቀብላ ሽሮፑን ራሷ ዋጠችው።

"ውይ! ለአንቺ መች አመጣሁት?"

"እኔንም ያስለኛል፣ እትዬ።"

እትዬ ብርነሽ ትክ ብለው አዩዋት። ሳል አልሰሙባትም። የጠርሙሱን ክዳን ገጥመው ሕፃኑን ከጭኗ አነሱ።

"ሐኪም ከከለከለሽ በአፍሽ አትነግሪኝም?" አሉ። "በይ ተኚ። እጁን እኔ እይዘዋለሁ።"