ብናኝ የማያስገባው ቁም ሣጥን

የፎቶ አንሺው ሚስትና እናት ተስማምተው አያውቁም። በጨው መጠን ይጨቃጨቃሉ፤ በመስኮት መከፈት ይጨቃጨቃሉ፤ ሰበብ ሲጠፋ ትናንት ካቆሙበት ይቀጥላሉ። እናትየው አንድ ጊዜ ሴት ልጃቸው ዘንድ ሰንብተው ሲመለሱ፣ ሚስት ከድስቱ ጋር ስትጣላ ደረሱ።

እናትየው ሳይሠሩ መብላት አይወዱም። እርጥብ ፊልም ላይ ያረፈ ብናኝ ፎቶው ላይ ነጭ ነጥብ ሆኖ ይወጣል፤ እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው በቀጭን ብሩሽ ነጥቡን በቀለም ይደፍናሉ። የሰፈሩ ሙሽራ ሁሉ ፊቱ የጠራው በእሳቸው እጅ ነው።

ደንበኛ ግን ነጥብ ይቀራል እያለ ማጉረምረም ጀመረ። ፎቶ አንሺው አሮጌ ቁም ሣጥን ፈልጎ የፊልም ማድረቂያ ሊያደርገው ተነሣ። በሩን ዙሪያውን በላስቲክ ደፈነ፤ አየር መግቢያውን በድርብ ጨርቅ ሸፈነ፤ ውስጡን በእርጥብ ጨርቅ ወለወለ።

«ከእንግዲህ ብናኝ የሚባል አይገባም» አለ።

«እሰይ» አሉ እናቱ ብሩሻቸውን እያጠቡ። «እኔም ወደ እህትህ እሄዳለኋ።»

«እማዬ፣ ማን ሂጂ አለሽ?»

«ማንም። ሥራ ፈትቼ የልጅ እጅ ማየት አይሆንልኝም።»

ሚስት ፊቷን አዙራ ወደ ጓዳ ገባች። ባልየው ደስ ብሏት ነው ብሎ አዘነባት። እናቱ እንዲሄዱ እሱም አልፈለገም፤ ግን ሙሽራን ከነነጥቧ ማን ይገዛል?

የመጀመሪያው ፊልም ደርቆ ወጣ። ፎቶው ሲታተም ነጥብ በነጥብ ነው። እናትየው ሻንጣቸውን አስቀምጠው ብሩሻቸውን አነሡ።

ላስቲኩን ቀየረ። ነጥብ። ጨርቁን ደራረበ። ጭራሽ ባሰበት።

ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ ይገኛል ስንጥር ይባላል። ነጥብ ሲበዛ የሚጠቅመው እናቱን ብቻ ነው። የገዛ እናትን መጠርጠር ሆድ ያባባል፤ ቢሆንም ቁርጡን ማወቅ ፈለገ። አዲስ ፊልም ሰቀለና «ዕቃ ልገዛ ወጣሁ» ብሎ የውጩን በር ዘጋው፤ ራሱ ግን ከውስጥ ቀርቶ ከፎቶ ማንሻው መጋረጃ ጀርባ ተደበቀ።

ብዙም ሳይቆይ ኮቴ ሰማ። የቁም ሣጥኑ በር ቀስ ብሎ ተከፈተ። በመጋረጃው ጠርዝ አጮለቀ።

«አንቺ፣ ያ መጥረጊያ የት ገባ?» አሉ እናቱ ከጓዳ።

«የመጥረጊያ ዘበኛ አደረጉኝ እንዴ?» አለች ሚስቱ፣ መጥረጊያውን ቁም ሣጥኑ ውስጥ እያራገፈች።