ሁለት ጉሮሮ

መሥሪያ ቤት ውስጥ «ሁለት ጉሮሮ» ይሏታል። ስድብ አይደለም፤ ሙያዋ ነው።

መሥሪያ ቤቱ ማንም ሰው በዘሩ፣ በቀለሙ ወይም በቋንቋው የተነሣ ሥራና ቤት እንዳይከለከል የወጣውን ሕግ ያስከብራል። ቤት የተከለከለ ሰው አቤት ሲል እሷ ወደ ከልካዩ ትደውልና ቤት ፈላጊ መስላ እንደ ወንዝ ማዶ ሰዎች ትናገራለች። ቃላቱን ጫፋቸው ላይ ትጎትታለች፣ ጥያቄውን ሁሉ እንደ ልመና ታወርደዋለች። አነጋገሩን የቀዳችው በልጅነቷ ካሳደገቻት የማዶ ሞግዚት ነው። ሞግዚቷ ካለፈች ቆየች፤ አነጋገሯ ግን አሁንም ደመወዝ ያስገኛል። የማዶ ተወላጆች ራሳቸው ሲሰሟት «የማን ልጅ ነሽ?» ይሏታል።

ጥቂት ቆይቶ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ በከተሜ አፉ እዚያው ቁጥር ላይ ይደውላል። ለእሷ «ተይዟል»፣ ለእሱ «ና እይ» ከተባለ ሁለቱም ድምፆች ተቀድተው ችሎት ይቀርባሉ።

የሰሞኑ አቤት ባይ ከማዶ የመጣች ነርስ ናት። የምትሠራበት ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ፣ በአንሶላ ክምር መሀል፣ ጡት ያልጣለ ልጅ ታቅፋ ታድራለች። አለቃዋ «ወሩ እስኪያልቅ ብቻ» ብላታለች።

«ደላላው ስሜን እንኳ አልጠየቀኝም፣ እህቴ» አለች ነርሷ። «ገና ድምፄን ሲሰማ ተይዟል አለ። ሌላስ ብለው፣ እሱም ተይዟል። ከተማው በሙሉ ተይዟል!»

የሁለት ጉሮሮ ደም ፈላ። እዚያው ነርሷ ፊት ደወለች።

«ክፍል ፈልጌ ነበር፣ ጌታዬ።»

«ተይዟል።» የሰውየው ድምፅ ጥፊ ነው።

«የትኛው?»

«ሁሉም።» ዘጋው።

ለመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ግን ክፍል በየዓይነቱ ነበረው፤ የራሷ ቧንቧ ያላት፣ ጠዋት ፀሐይ የምታገኝ፣ ገበያ ጥግ የሆነች። እንዲያውም «እንዳንተ ላለ ሰው እናስቀንሳለን» ብሎታል።

«ዓይኑን በጨው ያጠበ!» አለች ሁለት ጉሮሮ። ጠረጴዛውን ስትመታው የሻይ ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ። «እንደዚህ ያለውን ነው ሕጉ አንገቱን ይዞ የሚያስጎነብሰው!»

ነርሷ ልጇን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛወረችው።

«እስከዚያው… አንቺ የምታውቂው ክፍል ይኖር ይሆን? ጠባብም ቢሆን።»

«የኔ እህት፣ አንቺን የሚያስገባሽ ሕጉ ነው። የማንም ችሮታ አያስፈልግሽም።»

«ሕጉ ቁልፍ አለው?» አለች ነርሷ። ሁለት ጉሮሮ ሳቀች፤ ነርሷ አልሳቀችም።

የችሎቱ ዕለት ጠዋት ሁለት ጉሮሮ ቁጣዋን ከቁርስ በፊት ጀመረች። ለባሏ የደላላውን ነገር ደግማ ነገረችው። ባሏ ጫማውን እያሰረ «ልክ ነሽ፣ ልክ ነሽ» አላት፤ ብዙ ዓመት በትዳር የኖረ ሰው ነው።

«ይልቅ የልጆቹን ብስክሌት ከእናቴ ክፍል አውጪው» አላት ቀጥሎ። «እሷ ካረፈች ወዲህ የጓሮዋን ክፍል መጋዘን አደረጋችኋት። የሚከራያት ሰው ቢመጣ ምን ሊያይ ነው?»

«ለደላላ በስልክ ነግሬያለሁ። ደህና ሰው ሲያገኝ ያመጣል።»

«በየትኛው ጉሮሮሽ ነው የነገርሽው?»

«በራሴው ነዋ!» ብላ በፎጣ መታችው።

ችሎቱ በሰው ተጨናንቋል። ደላላው ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል። ዳኛው ስልኩን እንዲያጠፋ ሲያዙት ከኪሱ ሁለት አወጣ።

«አንዱ የፈላጊ ነው፣ አንዱ የአከራይ» አለ። «ለፈላጊ የምናገርበት አፍ ለአከራይ አይሆንም፣ ጌታዬ። እንዳይደባለቅብኝ ነው።»

የተቀዳው ድምፅ ተሰማ። «ተይዟል።» «የትኛው?» «ሁሉም።» ከኋላ አንድ ሰው ከንፈሩን መጠጠ።

«አልክድም» አለ ደላላው። «ግን አህያውን ፈርታችሁ ዳውላውን ትመታላችሁ። እኔ ምን ቤት አለኝ? ያለኝ አፍ ነው። ‹እነዚያን እንዳታመጣብኝ› የሚሉኝ ባለቤቶቹ ናቸው።»

«እነማን ናቸው?» አሉ ዳኛው።

«ፊታቸውን አላውቅ። ቁልፉን የሚሰጠኝ ዘበኛ ነው፣ ጎረቤት ነው። እነሱን የማውቃቸው በድምፃቸው ብቻ ነው።»

«በል እንግዲህ፣ ጥፋቱን በንፋስ ላይ ለጥፈው» አሉ ዳኛው። ችሎቱ ሳቀ። ነርሷ የተኛ ልጇን ጀርባ መታ መታ ታደርጋለች።

ደላላው ባርኔጣው ላይ አቀረቀረ። ምስክሯ ተጠራች።

ሁለት ጉሮሮ እስከዚያ ሰዓት አፏን አልከፈተችም ነበር። ቆማ ማለች፤ በገዛ ድምፅዋ ጀመረች። ያዘጋጀችውን ንግግር ንዴት በላባት።

«ክቡር ዳኛ፣ በዚህ ከተማ ባዶ ክፍል ጠፍቶ አይደለም! በሽተኞቻችንን የምታስታምም ሴት በቆሸሸ አንሶላ መሀል የምታድረው ክፍል ጠፍቶ አይደለም! ሕጉን እናውቀዋለን፤ ስናወራው አፋችን አያደናቅፈንም። ደጃችን ሲደርስ ነው የምንረሳው።» ወደ ደላላው ዞረች። «አንተ ሰው! ሰውን በትውልዱ ከደጅ ስትመልስ ትንሽ እንኳ አታፍርም?»

ደላላው ቀና አለ። ዓይኑን ጨፍኖ ጆሮውን አዘነበለ። ከዚያ ፊቱ የጠፋ ዘመዱን እንዳገኘ ሰው ፈካ። ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዞ ብድግ አለ፤ ድምፁ ማር ሆነ።

«እንዴ! የጓሮዋ ክፍል እመቤት፣ እርስዎ ነዎት? ታዲያ እኔ ምን አጠፋሁ? እንዳዘዙኝ እስከ ዛሬ አንድም የማዶ ሰው አላመጣሁብዎትም እኮ!»