ኮዱ ይቅርልኝ

ሴትዮዋ ሞባይል ቤቱ የገቡት ረቡዕ ረፋድ ላይ ነው። ጠጋኙ ትንሿን ካቻቢቴ በጥርሱ ነክሶ የተሰነጠቀ ስክሪን እያላቀቀ ነበር። ሲያያቸው ደስ አለው። ሠላሳ ዓመት በጸሐፊነት አገልግለው ጡረታ የወጡ፣ ነገር የማያበዙ ደንበኛው ናቸው።

«ያን ጊዜ ያደረግክልኝን ነገር አንሣልኝ» አሉት።

«የቱን?»

«ኢሜይሌ ሊከፈት ሲል ስልኬ ላይ የሚመጣውን ቁጥር። ኮዱ ይቅርልኝ።»

ካቻቢቴውን ከአፉ አወጣ። ከሁለት ወር በፊት ባትሪ ሊያስቀይሩ ሲመጡ፣ ሳይጠይቁት በገዛ ፈቃዱ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ያበራላቸው እሱ ነው። ያን ዕለት ጽድቅ የሠራ ያህል ተሰምቶት ነበር።

«እትዬ፣ እሱ እኮ መዝጊያ ነው። ፓስወርድዎን ያወቀ ሰው እንኳ ያለ ኮዱ አይገባም።»

«አውቃለሁ። ነግረኸኛል።»

«ታዲያ ቁጥሩን መጻፉ ሰለቸዎት?»

«እኔንስ መቼ ይጠይቀኛል። ስልኬ ያውቀኛል፣ ዝም ብሎ ይከፍትልኛል።»

ጠጋኙ ግራ ገባው። ስልኩን ተቀብሎ መልእክቶቹን ከፈተ። ኮድ በኮድ ሆኖ ጠበቀው። ቀናቸውን አየ፤ ረቡዕ፣ ረቡዕ፣ አሁንም ረቡዕ። ሁሉም ከቀኑ አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ የመጡ ናቸው።

«እነዚህን እርስዎ ነዎት የጠየቁት?»

«አይደለሁም።»

ወንበር ሳበላቸውና አስቀመጣቸው። ባለፈው ወር ጎረቤቱ ያለችው የፀጉር ቤት ባለቤት፣ አንድ ድምፀ መረዋ ሰውዬ ደውሎላት ኮዷን በገዛ አፏ ነግራው ገጿን ተነጥቃለች። ሦስት ቀን ሙሉ እዚችው ወንበር ላይ ተቀምጣ አልቅሳለች። ይህንን ታሪክ ምንም ሳያስቀር ተረከላቸው። እሳቸውም በትዕግሥት አዳመጡት።

«አሁን እውነቱን ይንገሩኝ። ሰው ደውሎልዎታል?»

«ማንም አልደወለልኝም» አሉ። ይህን ሲሉ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

ጠጋኙ ዋሹኝ ብሎ በልቡ ያዘው።

«ቤት ውስጥ ማን አለ?»

«እኔና ድመቴ።»

«ድመቷን ለጊዜው እንተዋት» አለ። «እንግዲህ ፓስወርድዎን ያወቀ ሰው አለ ማለት ነው። ኮድ የሚመጣው ፓስወርዱ ልክ ሲሆን ነው። አሁኑኑ እንቀይረው።»

«እሱ አይነካም።»

«ፓስወርዱን ካወጡት ስንት ጊዜ ነው?»

«ብዙ ዓመቱ ነው።»

«ከባድ ነው ወይስ ቀላል?»

«ለሚያውቀው ቀላል ነው።»

ጠጋኙ ተነፈሰ። እንዲህ ዓይነቱን ደንበኛ በክርክር እንደማይረታው ያውቃል። የጠፋ ነገር እንዳለ ልይ ብሎ አስፈቀዳቸውና ኢሜይሉን ገለጥ ገለጥ አደረገው። የጠፋ ነገር የለም። ይልቅ አርባ ሦስት ደብዳቤ ተጽፎ፣ ሳይላክ ተቀምጧል። አንዱም ላይ አድራሻ አልተጻፈም።

«እትዬ፣ እነዚህ እኮ አልሄዱም። የተቀባዩን ቦታ ባዶ ትተውታል። አላላኩን ላሳይዎት?»

«ሠላሳ ዓመት ደብዳቤ እየላክሁ ነው የኖርኩት፣ የኔ ጌታ።»

ጆሮው ጋለ። ይቅርታ ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት ስልኩ እጁ ላይ ተንቀጠቀጠ። አዲስ ኮድ ነው። ቀና ብሎ የግድግዳውን ሰዓት አየ፤ አምስት ተኩል ሊሆን ሁለት ደቂቃ ይቀረዋል።

«ይኸውልዎት፤ ሌባው አሁን በዚህች ደቂቃ እየሞከረ ነው» አለ።

ሴትዮዋ ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«አጥፋልኝ። ቶሎ በል።»

ከተዋወቁ ጀምሮ እንዲህ ሲያጣድፉት የመጀመሪያቸው ነው። ጠጋኙ ነገሩ ገባኝ አለ። አንድ ሰው አስፈራርቷቸዋል።

«ያስፈራራዎት ሰው ካለ ለኔ ይንገሩኝ። ፖሊስ ጣቢያው ከመንገዱ ማዶ ነው፣ አብሬዎት እሄዳለሁ።»

«ያስፈራራኝ የለም። ሁለት ጊዜ ይሞከራል፣ ከዚያ እስከ ሳምንቱ ረቡዕ ይቀራል። እባክህ ቶሎ በል።»

ሐሳባቸውን ቢቀይሩ ብሎ ሴቲንጉን ቀስ እያለ ፈለገው። አልቀየሩም። ስልኩ ፓስወርድ ሲጠይቅ አቀበላቸውና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እሳቸው ጣቶቻቸውን ሳያዩ ጻፉት። ማጥፋት መፈለጋቸውን የሚጠይቀው ጽሑፍ ሲመጣ ደግሞ፣ እሱ አንብቦ ሳይጨርስ እሺ የሚለውን ተጭነውታል።

ሁለቱም ስልኩን ያዩ ጀመር። አንድ ደቂቃ ሄደ። ሌላም ተከተለ።

ስልኩ አንዴ ጮኸ። በማይታወቅ ስልክ አካውንቱ እንደተከፈተ የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ ነው። ከሥሩ የሩቅ ከተማ ስም አለበት። ሴትዮዋ መነጽራቸውን አስተካክለው ስሙን ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ገባ» አለ ጠጋኙ። ላብ ላብ ብሎታል። «ግን አልረፈደም። ይቺን ስነካት ወዲያው ተባርሮ ይወጣል።»

ጣቱን ሲዘረጋ ሴትዮዋ ስልኩን በመዳፋቸው ሸፈኑት።

«ተዋት፣ ልጄ ናት» አሉት። «ፓስወርዱን ከኔ ሌላ የምታውቀው፣ ደብዳቤዎቹንም የጻፍኩላት እሷ ናት። ከቤት ወጥታ ከቀረች ስድስት ዓመቷ ነው፤ በሕይወት መኖሯን የነገረኝ ያንተ ኮድ ነው።»