ነፍስ ቆጣሪው ድንኳን

ጡረታው ለቤት ኪራይ ለማይበቃው ሁሉ ሸራ ድንኳን ከታደለ ቆይቷል። ድንኳኑ በውስጡ ያለውን የሰው ነፍስ እየቆጠረ ራሱ ይሰፋል፣ ራሱ ይጠባል። እኔና ባለቤቴ ደብሪቱ ሰባት ዓመት ሙሉ እግራችንን አጥፈን ተኝተናል። እኔ መች አርፌ! ድንኳኑን ላታልለው ብዬ የጎረቤታችንን የጋሽ ሽብሩን በግ ተውሼ ራስጌያችን አሰርኩት። ጠዋት ስነቃ ሸራው አንድ ሰው ሙሉ የሚያስተኛ ያህል ሰፍቷል!

«አላልኩሽም? በበግ ሸወድኩት!» እያልኩ ስጨፍር ጋሽ ሽብሩ ብቅ አሉ።

«በጉማ ማታውኑ ገመዱን በጥሶ እኔ ጋ መጥቶ አደረ እኮ!»

ዞር ብዬ ራስጌውን ባየው ባዶ ነው። ደብሪቱ በሃምሳ ሁለት ዓመቷ ሆዷን በሁለት እጇ ያዘች።

«አንተ ሰውዬ፣» አለችኝ፣ «ይሄ ድንኳን ተሳስቶ ያውቃል?»